እጅ ስለነሳ ተቀጣ

ሰብሌ ጣሳውን አንስታ ግድግዳው ላይ ወረወረችው። ጣሳው ተንከባሎ ተንከባሎ እናቷ እግር ሥር ቆመ።

«ጣሳው ምን አደረገሽ?» አሉ ወይዘሮ ወለተጻድቅ።

«ሰው ላይ መወርወር ስለማልችል ነው!»

«የትኛው ሰው ላይ?»

የቱን ጠርታ የቱን ትተወው! ዳኛው ጣልያን ላይ መወርወር ትፈልጋለች። አባቷ ላይም... ስታስበው ራሷ ትደነግጣለች እንጂ አባቷ ላይም። ይገዙ ላይ፣ ያ እልኸኛ፣ ያ ቆንጆ፣ ያ ደደብ! ከሁሉም በላይ ግን ራሷ ላይ።

ቆይ፣ ቆይ፣ ቸኮልኩ። ነገሩ እንዴት እዚህ እንደደረሰ ልንገራችሁ።

ጊዜው የጣልያን ጊዜ ነው። ኮልፌ ያኔ እንደዛሬው ቤት በቤት ላይ የተደራረበባት አይደለችም። ባሕር ዛፍ፣ የእንጨት አጥር፣ ጭቃ ቤት፣ በመሃል ደግሞ ጣልያን የቀደደው ሰፊ የአቧራ መንገድ። መንገዱ ዳር አንድ ጋራዥ አለ። የጋራዡ ጣልያኖች እሁድ እሁድ ሲሰለቻቸው ሐበሻ ሾፌሮቻቸውን በካሚዮን ያሽቀዳድማሉ። ራሳቸው አይነዱም፤ ጥላ ሥር ቁጭ ብለው ይጠጣሉ፣ ይወራረዳሉ፣ ልክ በፈረስ እንደሚወራረድ ሰው። ከጋራዡ ተነስቶ፣ በከራንዮ በኩል ወጥቶ፣ የረጲን ኮረብታ ዞሮ ተመልሶ ጋራዡ በር። በቃ ይኼ ነው ውድድሩ።

የዛሬው ግን ጨዋታ አልነበረም። አንደኛ የወጣ እዚሁ አዲስ አበባ ይቀራል፣ የጋራዡ ዋና ሾፌር ይሆናል። መጨረሻ የወጣ ሰኞ ጠዋት ወደ አሰብ መንገድ ይላካል ተብሏል። የአሰብ መንገድ ማለት ሙቀቱ ጎማ የሚያቀልጥ፣ ወባው ደግሞ ሙቀቱ የተረፈውን የሚጨርስ አገር ነው። ከኮልፌ የሄዱ ልጆች አሉ። የተመለሰ ግን ገና አልታየም።

ይገዙ አንደኛ ወጣ። ይገዙን ታውቁታላችሁ፣ ከከፋ የመጡት የቆዳ ነጋዴ ልጅ፣ ካሚዮን ሲነዳ ጉልበቱ ላይ ሕፃን የያዘ የሚመስለው። ሰብሌን ከወደዳት ቆይቷል። ከቆዳ ነጋዴው ቤት ሽማግሌ ወደ ሰብሌ አባት ሄዶም ነበር። አባትየው ባላምባራስ ጉልላት ናቸው። የሸዋ ሰው፣ ድሮ ቤተ መንግሥት ግቢ ገብ የነበሩ፣ ዛሬ የጣልያን አስተርጓሚ። በውድድሩ ቀን ደግሞ ኩርባው ላይ ባንዲራ ያዥ። ሽማግሌዎቹን ምን ብለው እንደመለሷቸው ኮልፌ በሙሉ ያውቃል።

«ይኼ ልጅ ባለፈው ከመኪናው ላይ እንደ ጌታ ተቀምጦ አቧራ አልብሶኝ ያለፈው አይደለም? አባቱ በቅሎ ላይ ሆኖ ቢያገኘኝ ወርዶ ነው እጅ የሚነሳኝ! ልጁ የሰው ክብር ያላወቀ፣ ልጄን ሊጠይቅ?»

ሰብሌ ይኼን ሰምታ ምንጭ ዳር ይገዙን አገኘችውና እንዲህ አለችው፦ «የትም ብታገኛቸው ወርደህ እጅ ንሳ። እሳት ውስጥም ብትሆን ውረድ።»

እሱም ወረደ። በውድድሩ መሃል ወረደ!

ሰብሌ ከእናቷ ጋር አጥሩ ሥር ሆና ሁሉንም አይታለች። ኩርባው ከቤታቸው ፊት ለፊት ነው። አባቷ መንገዱ ዳር ቆመዋል፣ ቀዩን ባንዲራ ከፍ አድርገው። ባንዲራው ከፍ ካለ መንገዱ ክፍት ነው፣ ዝቅ ካለ ቁም ማለት ነው። የይገዙ ካሚዮን አቧራውን እያስነሳች ብቻዋን መጣች፤ ሌሎቹ ገና ኮረብታው ጀርባ ናቸው። ኩርባው ላይ ስትደርስ ቀዘቀዘች። ይገዙ ቆቡን አውልቆ አንገቱን ደፋ። ቀጥሎ ቆመ፣ ወረደ፣ መሬት እስኪነካ ጎንበስ ብሎ እጅ ነሳ፣ ተመልሶ ወጣ፣ ነዳ። እንደዛም ሆኖ ማንም አልደረሰበትም።

ኮረብታው ላይ ግን አንድ ጣልያን በሩቅ ማያ መነጽር ያይ ነበር፤ ሲወርድ አይቶ ለዳኛው ነገረ።

ሕጉ ደግሞ ጠዋት ለሾፌሮቹ ተነግሯል፦ መኪናው ካልተበላሸ ወይም ባንዲራ ካላቆመው በቀር እግሩ መሬት የነካ ሾፌር መጨረሻ ይሆናል። ዳኛው ባላምባራስን ወደ ጋራዡ አስጠራቸው፤ ሰብሌም ተከትላ በሩ ላይ ቆመች። «ባንዲራ ዝቅ አድርገሃል?» አላቸው፣ በአንተ።

«አላደረግሁም» አሉ ባላምባራስ።

በቃ። አንደኛው መጨረሻ ሆነ።

አሁን ሰብሌ ጣሳውን ለምን እንደወረወረች ገባችሁ? ገና ነው። ምክንያቱም እሷ ያየችው ሌላም ነገር አለ።

ነጠላዋን ጣል አድርጋ ወጣች። እናቷ «ወዴት?» እንኳ አላሏትም።

የጋራዡ በር አጠገብ የዋጋነሽ ጠላ ቤት አለ። ሰዉ እዛ ተሰብስቦ ቅጣቱን እየተከራከረበት ነው። ድምፁ መንገድ ድረስ ይሰማል።

«ሕግ ሕግ ነው!» ይላል ጀይሉ። ሁለተኛ ወጥቶ በይገዙ ቅጣት አንደኛ የሆነው ሾፌር ነው። «እግርህ መሬት አይንካ ተባልን፣ ሰማን፣ እሺ አልን። እኔስ እናቴ መንገድ ዳር ቆማ ነበር፣ ወርጄ ሳምኳት? አልሳምኳትም!»

«አንተማ መቼ ሰው ትስማለህ!» አለች ዋጋነሽ፣ ጣሳ እያቀበለች። ሰዉ ሳቀ።

«ኧረ ዋጋነሽ፣ ስሜቱ ይገባኛል...»

«ምንም አልገባህም! ሰው ቀጠፈ? ሰው ገጨ? አቋራጭ ገባ? ቆሞ፣ ወርዶ፣ እጅ ነስቶ፣ እንደገና ቀደመህ! እንዲያውም አንተን ነው መቅጣት፣ የቆመ መኪና ላይ ያልደረስከውን!»

«ታዲያ ያስቀጣው ማን ሆነና?» አለ አንዱ ከጥግ። «የሰገደለት ሰውዬ አይደል? ለባንዳ መስገድ ዋጋው ይኼ ነው።»

ሰብሌ በሩ ላይ ቆማ ነበር። አዩዋት። ጀይሉ ጣሳውን አስቀመጠና መሬት መሬት አየ። ዋጋነሽ ብቻ፣ ቀስ ብላ፣ «ጋራዡ ጀርባ ነው፣ ልጄ» አለቻት።

ፊቷ እየነደደ ሄደች። አባቷን ባንዳ ሲሏቸው ስትሰማ የመጀመሪያዋ አይደለም። ዛሬ ግን እውነት ይሆን እንዴ ብላ ራሷን ጠየቀች።

ይገዙ ለነገው ጉዞ የተጫነውን ካሚዮን ገመድ እየሳበ ያጠብቃል። ዞር ብሎ እንኳ አላያትም።

«አባትሽ ላኩሽ? ጉልበቱ ላይ ያለውን አፈር አራግፊለት አሉሽ?»

«ይገዙ...»

«ውረድ አልሽኝ። ወረድኩ።»

«እየተሽቀዳደምክ ውረድ አልኩህ? ሰው እንዴት እንደዚህ ይደርቃል!»

«"የትም ብታገኛቸው" ነው ያልሽኝ። "እሳት ውስጥም ብትሆን" ብለሻል።» ገመዱን ሳበው። «እሳት ውስጥ ነበርኩ። ወረድኩ።»

ብላ ነበር። እንዲያውም ስትለው እጁን ይዛ ነበር።

«ባንዲራዋ ቀድማ ወርዳለች» አለችው።

እጁ ገመዱ ላይ ቀረ።

«አንተ ከመቆምህ በፊት ነው። አይቻለሁ። ቆብህን ስታወልቅ አባቴ ባርኔጣቸውን አነሱ። ጎንበስ አሉ። ባንዲራ የያዘው እጃቸው አብሮ ወረደ። ሕጉ ካንተ ጋር ነበር፣ ይገዙ! ባንዲራ ነው ያቆመህ!»

አሁን ዞረ። ዓይኑ ቀልቷል፣ ከአቧራው ይሁን ከሌላ እንጃ።

«እጅ ነሱኝ? እኔን?»

«አዎ።»

ትንሽ ፈገግ ሊል ነበር። በዓይኗ አየችው፣ ፈገግታው መጥቶ ከንፈሩ ላይ ሳይደርስ ሲሞት።

«ዳኛው ሲጠይቃቸው ግን አልወረደችም አሉ።»

«አዎ።»

«አንቺም ያኔ ጋራዡ በር ላይ ቆመሽ ትሰሚ ነበር። አይቼሻለሁ።»

«አዎ።»

«ዝም አልሽ።»

«አባቴ ናቸው! ጣልያን ፊት ዋሹ ቢባል ምን እንደሚያደርጓቸው ታውቃለህ?»

«አላውቅም። እኔን ምን እንደሚያደርጉኝ ግን አውቃለሁ። ነገ ጠዋት ነው።»

ክንዱን ያዘችው። «ና፣ አሁኑኑ እንሂድ። ዳኛው ጋ ገብቼ እናገራለሁ። ባንዲራዋን አይቼ ነው የቆምኩት በል፣ እኔ እመሰክራለሁ።»

«አላየኋትም።»

«ምን?»

«ባንዲራዋን አላየኋትም፣ ሰብሌ። አንገቴን ደፍቼ ነበር። ባትወርድም እወርድ ነበር። ለጨርቅ አይደለም የወረድኩት!» ድምፁ ጨመረ። «ላንቺ ብዬ ነው የወረድኩት። ለሳቸውም ብዬ ነው፣ ሽማግሌ ናቸው ብዬ፣ አባቷ ናቸው ብዬ! አሁን ሄጄ ለጣልያን ባንዲራ ነው የታዘዝኩት ልበል? አባትሽ የዋሹት አልበቃ ብሎ እኔም ልዋሽ?»

«እኮ በቃ አሰብ ሂድ! ኩራትህን ይዘህ ሂድ!»

«እሄዳለሁ! ቅጣቱ አይደለም የሚያንገበግበኝ። ጣልያን ቢቀጣኝ ምን ይገርማል? ያከበርኩት ሰው ማክበሬን ጥፋት ነው ብሎ መሰከረብኝ። አባትሽ፣ እሱ ነው የሚያንገበግበኝ። እሱ!»

እሱ አለ። ይገዙ አባቷን እሳቸው ሳይል ጠርቷቸው አያውቅም። በጣም በተናደደበት ቀን እንኳ፣ ሽማግሌዎቹ ተዋርደው በተመለሱበት ቀን እንኳ «እሳቸው» ነበር ያለው። ሰብሌ ክንዱን ለቀቀች። በጥፊ ቢመታት እንደዚህ አያማትም ነበር።

ማታ እራት ቀረበ። የቤቱ ልጅ ነችና አባቷን የምታስታጥበው እሷ ነች። ማንቆርቆሪያውን ይዛ ፊታቸው ቆመች። ባላምባራስ እጃቸውን ዘረጉ። አፈሰሰች። ቆመችና፣

«በየትኛው እጅዎ ነበር ባንዲራውን የያዙት?» አለች።

እናቷ ሳህኑን እንደያዙ ቀና አሉ።

«አፍስሺ» አሉ ባላምባራስ።

«በቀኝዎ ነው። ባርኔጣዎን በግራ ነው ያነሱት።»

«ሰብሌ፣ ቅጣቱ ትክክል ነው። ሕጉን ጠዋት እኔው ነኝ በአማርኛ የነገርኳቸው። ሰምቷል። እሺ ብሏል። መንገድ ላይ ወርዶ ቢንከባለል ቢሰግድ የራሱ ጉዳይ ነው። ሁሉም ለወዳጁ እየወረደ ውድድር ይሆናል እንዴ?»

«ባንዲራ ካቆመው በቀር ይላል!»

«አላቆመውም።»

«ወርዷል! አይቻለሁ!»

«ልጁ ራሱ ባንዲራ አላየሁም ብሎ ለሾፌሮቹ ነግሯል አሉ። ታዲያ ምን ያስጮህሻል?»

«እሱ እውነት ስለሚናገር ነዋ! በሱ እውነት እርስዎ ውሸትዎን ይሸፍናሉ?»

«ውጪ!»

አልወጣችም። በዕድሜዋ አባቷ «ውጪ» ብለዋት ያልወጣችበት ቀን ይኼ የመጀመሪያው ነው። የማንቆርቆሪያው ውሃ ምንጣፉ ላይ ይንጠባጠባል።

ባላምባራስ እርጥብ እጃቸውን አገላብጠው አዩት፣ የሌላ ሰው እጅ ይመስል።

«እጄ ነው» አሉ። ድምፃቸው የሳቸው አልመስል አላት። «እኔ አይደለሁም፣ እጄ ነው የወረደው። ያ ልጅ ቆቡን ሲያወልቅ... ጣልያን ከገባ ወዲህ አንድ ሰው እንደዛ አድርጎልኝ አያውቅም። መንደሩ ሲያየኝ ፊቱን እንደሚያዞር የማላውቅ ይመስልሻል? ኋላዬ የሚሉኝን የማልሰማ ይመስልሻል? ባንዲራ መያዜን ረሳሁት። ጣልያን መኖሩን ረሳሁት። እጅ ሲነሱኝ እጅ ነሳሁ፣ በቃ። ከዛ ያ ነጭ ጠየቀኝ። ለቆዳ ነጋዴ ልጅ ጎንበስ ብዬ ነው ባንዲራህ የወረደው ልበለው? ሁሉም ቆመው እየሰሙ?»

«እና እሱን አሰብ ሰደዱት» አለች ሰብሌ። አልጮኸችም፤ ንዴቷ ከጩኸት አልፏል። «ኮልፌ በሙሉ ፊቱን ሲያዞርብዎት አንድ ሰው ከመኪናው ወረደልዎ። ሕይወቱን ትቶ ወረደልዎ። እሱን ነው የሰደዱት።»

ባላምባራስ ወደ ሚስታቸው ዞሩ፣ ልጅሽን ተቆጪልኝ በሚል ዓይን።

ወይዘሮ ወለተጻድቅ ሳህኑን ቀስ አድርገው መሬት አስቀመጡት።

«እኔም አጥሩ ሥር ነበርኩ፣ ባላምባራስ» አሉ።

ያን ቀን እራት የበላ አልነበረም።

ጠዋት ሰብሌ ስትነሳ የአባቷ አልጋ ባዶ ነበር። ጋቢያቸውም የለም። እናቷ «ሳይነጋጋ ወጡ» አሏት። ሰብሌ አጥሩ ሥር ሄዳ ቆመች፣ የትላንቱ ቦታዋ ላይ። ልሰናበተው ብላ አይደለም። ትላንት «እሱ» ብሎ የተናገረው ቃል ዛሬም ደረቷ ላይ አለ። ብቻ ቤት ውስጥ መቀመጥ አልቻለችም።

አባቷን ከጋራዡ በኩል ሲመጡ አየቻቸው። አካሄዳቸው የሌላ ቀን አይደለም። ክንዳቸው ላይ የሚያስሩት የአስተርጓሚ ጨርቅ የለም። ባንዲራው የለም። ጉንጫቸው ላይ ግን ቀይ ምልክት አለ።

«አባዬ! ማን ነው የመታዎት?»

«ነገርኩት» አሉ። «ባንዲራዬ ቀድማ ወርዳለች፣ ልጁ ጥፋት የለበትም አልኩት። ለምን ወረደች አለኝ። ለልጁ እጅ ነስቼ ነው አልኩት።»

«እና?»

«ሳቀ። መጀመሪያ ሳቀ።» ጉንጫቸውን ነካ አደረጉ። «ቀጥሎ ጨርቁን ፈታው። ውጤቱ ተነግሯል፣ አይለወጥም አለ።»

«እንዴት አይለወጥም! ሕጉ እኮ...»

«ሕጉን የጻፈው ማን ሆነና ነው፣ ልጄ?»

ሰብሌ ምን እንደተሰማት ልነግራችሁ አልችልም። ልታቅፋቸው ፈለገች። በሁለት እጇ ይዛ ልትነቀንቃቸውም ፈለገች። «ትላንት ቢሉትስ!» ብላ ጮኸች። «ትላንት! ውጤቱ ሳይነገር! አሁን ምን ያደርግለታል?»

«ምንም» አሉ ባላምባራስ።

የሞተር ድምፅ መጣ። ካሚዮኖቹ ተከታትለው ብቅ አሉ፣ ከፊት ጣልያኑ አዛዥ የተቀመጠበት፣ ኋላ ሌሎቹ፣ መጨረሻ ላይ ይገዙ። መጨረሻ የወጣ መጨረሻ ነው የሚሰለፈው። ሰዉ መንገድ ዳር ወጥቷል። ዋጋነሽ አለች። ጀይሉም አለ፣ ቆቡን በእጁ እየጠቀለለ።

ይገዙ ኩርባው ላይ ሲደርስ ፊቱን ወደ ሌላ ጎን አዙሮ ነበር። ልክ እንደ መንደሩ።

ባላምባራስ ጉልላት ወደ መንገዱ ወጡ። በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ባርኔጣቸውን አወለቁ። ጎንበስ አሉ፣ ዝቅ አሉ፣ ቀስ እያሉ፣ እንደ ጥንቱ፣ ግቢ ውስጥ ለትልቅ ሰው እንደሚደረገው። ጋቢያቸው አቧራው ላይ ተጎተተ።

ፍሬኑ ጮኸ። ካሚዮኗ ተንገጫግጫ ቆመች።

ከፊት ያለው አዛዥ ክላክስ አደረገ። ይገዙ አልሰማም። መሪውን በሁለት እጁ ጨብጦ የጎነበሰውን ሽማግሌ ያያል። ጉንጫቸውን አየ። ባዶ ክንዳቸውን አየ። እጁ ወደ በሩ እጀታ ሄደ።

«እንዳትወርድ!» አሉ ባላምባራስ ቀና ብለው። «ትላንት ወርደህልኛል። ዛሬ ተራው የኔ ነው።»

ወደ ካሚዮኗ ተጠጉ። ደረጃዋ ላይ እጃቸውን አሳረፉ።

«ዋሽቼብሃለሁ። ነግሬያቸዋለሁ፣ አልሰሙኝም። ስትመለስ ሽማግሌ አትላክብኝ። ራስህ ና። በሬ ክፍት ነው።»

ይገዙ እጁን ከመሪው አነሳ። ቆቡን አወለቀ። «እሺ፣ ባላምባራስ» አለ። ቀጥሎም ቀስ ብሎ፣ «ጉንጭዎን... እርስዎን መቱ?»

እርስዎ አለ። ሰብሌ ሰማችው። ደረቷ ላይ ያደረው ቃል ለቀቃት፤ ንዴቷ ግን አለቀቃትም፣ እንዲያውም ባሰባት። ሮጣ ሄዳ የካሚዮኗን በር በመዳፏ መታችው።

«ምን ቆመህ ታየኛለህ! ሂድ! ሂድና ተመለስ!» እንባዋ ይወርዳል፣ እሷ ግን ትቆጣለች። «ሞተህ ብትቀር ግን አልምርህም፣ ሰማህ? አንተንም፣ እነሱንም፣ ያንን ዳኛ ተብዬውንም፣ ማንንም አልምርም!»

«ሰምቻለሁ» አለ ይገዙ። እጁን በመስኮቱ አውጥቶ መዳፏ ላይ አሳረፈ፣ እዛው የመታችበት ቦታ ላይ። ክላክሱ እንደገና ጮኸ። ማርሹን አስገባ።

ካሚዮኗ ተንቀሳቀሰች። ጎማዎቿ ያስነሱት አቧራ መንገዱን ሞላው፣ አጥሩን ሞላው፣ የተሰበሰበውን ሰው በተነው። ሁሉም ፊቱን በነጠላው ሸፈነ። ባላምባራስ ጉልላት ብቻ ባርኔጣቸውን በእጃቸው እንደያዙ መሃል መንገድ ላይ ቆመው ቀሩ።

ሰብሌ ሄዳ አጠገባቸው ቆመች። ጸጉራቸው፣ ሽፋሽፍታቸው፣ ጋቢያቸው በሙሉ አቧራ ለብሷል። ልታራግፍላቸው እጇን ዘረጋች።

«ተይው» አሉ።